የመዝጊያው ቁልፍ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ቸርችል ቁልቁለቱ፣
ሰባት ፎቅ ሕንጻ ነው፣ ብቸኛ ነው ሊፍቱ።
አሥራ ስድስት ዓመት፣ ዘይቱን ቀብቻለሁ፤
ማሳሉን ስሰማ፣ ሕመሙን አውቃለሁ።

ከቁልፎቹ ሁሉ፣ ያንዱ ቀለም አልቋል፣
በአውራ ጣት ተልጦ፣ እንደ ሳንቲም ነጥቷል፤
ሁለት ቀስት ፊት ለፊት፣ የሚፋጠጡበት፣
"ዝጋ" ነው ትርጉሙ፣ ለቸኮለ ፍጥረት።

እኔ ግን ሽቦውን፣ ቆርጬዋለሁ ድሮ፣
በሩ የአልጣሽን፣ ነጠላ ነክሶ ኖሮ።
የሚዘጋው በራሱ፣ ባምስተኛው ሰከንድ፤
ቢጫኑት ባይጫኑት፣ ለእሱ ሁሉም አንድ።

ለማንም አልነገርኩ። ማንስ ጠይቆኛል?
ጣቱን እያየሁት፣ የሰው ልብ ይታየኛል።

ጠበቃው ደርብነህ፣ ሦስት ጊዜ ይነካል፤
ሦስተኛው ላይ ሲዘጋ፣ "አያችሁ?" ይለናል።
ላዲሷ ጸሐፊ፣ ሕጉን ነግሯት ነበር፦
"ሁለቴ አይበቃውም፣ ሦስቴ ነው የዚህ በር።"
እሷም ለተላላኪው፣ ተላላኪው ደግሞ
ማኪያቶ ለሚያመጣው ልጅ፣ በሩ ላይ ቆሞ
አስረድቶ አውርሶታል። ልጁ እጁ ተይዞ፣
በክርኑ ይቆጥራል፣ ሦስት ብርጭቆ ይዞ።

ሒሳብ ሹሙ ጽጌ፣ በጉልበት ያምናል፤
ደመወዝ የዘገየ ለት፣ ቁልፉ ያቃስታል።
"ማሽን የሚያውቀው ፍርሃት ነው" ይለኛል።

ስድስተኛ ፎቅ ላይ፣ ጥርስ ነቃይ አለ፤
ጉንጩን ይዞ ሲወጣ፣ ማንስ ሰው ቸኮለ?
ሲወርድ ነው እንጂ፣ ጥጡን እንደነከሰ፣
ቁልፉን እየደለቀ፣ በሐሳብ ቤቱ ደረሰ።

ወይዘሮ አልጣሽ ግን፣ ያኔ የተነከሱት፣
ሲገቡ "እንዴት አደርክ"፣ ሲወጡ "ተባረክ" የሚሉት፣
"ቁጡ ነው፤ ግን ልቡ ቶሎ ይመለሳል" አሉኝ፣
እኔን ሳይሆን እሱን፣ በስስት እያዩት።

ባለፈው ሐምሌ ግን፣ አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ፤
"ቁልፍ ከሆነ ይሥራ" አለ፤ ልክ ነው፣ ምን ላምጣ?
ሽቦውን ቀጠልኩት። ዘጠኝ ቀን ሐቅ ሆነ፤
ዘጠኝ ቀን አቤቱታ፣ ጠረጴዛዬን ከደነ።
ደርብነህ አንዴ ነክቶ፣ ሁለተኛው ሳይደርስ
በሩ ሲዘጋበት፣
ጣቱ ባየር ቀረ፣ መልስ እንዳጣ ክስ።
አልጣሽ፣ "ተቀየመኝ፤ ምን እንዳልኩት እንጃ"
እያሉ ወጡት፣ አራት ፎቅ ደረጃ።

በዐሥረኛው ቀን ማታ፣ መቁረጫዬን ይዤ፣
በጓሮ ደረጃ፣ እንደ ሌባ ተጉዤ፣
መልሼ በጠስኩት። ጠዋት ደርብነህ
ትከሻዬን መታ፦ "ጎበዝ! ባለሙያ ነህ።"

ይሄን ሁሉ የማውቅ እኔ፣
ጥቅምት ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣
ሰባተኛው ፎቅ ላይ የሞተሩን ዘይት ስለውጥ
ስልኬ ጮኸ፦
"ልጅህ ጥቁር አንበሳ ገብታለች።"
ዳገቱን በእግር እንኳ ዐሥር ደቂቃ ነው።
ሊፍቱ ውስጥ ገባሁ።
አውራ ጣቴ
እኔን ጠይቆ አልሄደ፣
ቀስቶቹ ላይ ወረደ፤
አንዴ፣ ሁለቴ፣
ከዚያ መቁጠር ተውኩ።
"አንተ ሰውዬ፣ ሽቦው እኮ..." ይላል
ከበስተኋላዬ እኔው ራሴ፤
ጣት ጆሮ የለውም።
በሩ ሲዘጋ
ባፌ ሙሉ "ተባረክ" አልኩት።

ልጄ ደኅና ናት፤ ክንዷ ነው፣ በጀሶ ታስሯል።
በማግሥቱ ክዳኑን ፈትቼ አየሁ፤
ሽቦው እንደቆረጥኩት ነው።
ቁልፉ ላይ ግን የኔ የዘይት አሻራ አለ፣
ከሰዉ ሁሉ አሻራ በላይ።
ጨርቅ በኪሴ ነበር።
አልጠረግኩትም።